የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የሰውነታችን ዘበኞች

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም። ነገሩ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በየቀኑ ስለሚውጠው ኪኒን ነው። ብዙ ሰው «ይህ መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኪኒኑን የጀመረ ሰው ጉንፋን ሲደጋግመው ወይም ቆዳው ላይ ሽፍታ ሲወጣበት ቶሎ የሚጠረጥረው መድኃኒቱን ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ አይደለም። ግን እንዴት? ለምንስ አንዱን ሰው ነክቶ ሌላውን ምንም ሳያደርገው ይቀራል? መልሱ ሲገባኝ «አቤት የሰውነት ነገር!» ነው ያልኩት። ኑ፣ ከሥሩ ጀምረን አብረን እንየው። የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። የማወራው ስለ አዋቂዎች ነው፤ የልጆች መጠንም አደጋም ስለሚለይ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ እንይ። የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው። በደህናው ጊዜ ምልክቱ ልክና ተራ አለው። በሽታው ሲነሳ ግን ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ምልክት ይለቃሉ። ሰውየው የሚወድቀው፣ የሚንቀጠቀጠው ወይም ለአፍታ ፈዝዞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቶቹ ይህን ያበርዳሉ። ካርባማዘፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን ሶዲየም ወደ ሴሉ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ይይዛሉ፤ ሴሉም ምልክቱን እንደ ልቡ መደጋገም ያቅተዋል። ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ደግሞ ጋባ የሚባለውን፣ አንጎልን የሚያረጋጋ ኬሚካል ያግዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው። በትክክል ቢታከሙ ከመቶው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በእኛም አገር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉት፣ በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲህ ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ጉዳት የምነግራችሁን ሁሉ ይህን ይዛችሁ ስሙት፤ መድኃኒቶቹ የብዙ ሰው ሕይወት የቆመባቸው ናቸው።

አሁን ልብ በሉ! ኪኒኑ አንጎልን ብቻ መርጦ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ በጉበት ያልፋል፣ ከዚያ ደም የሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል። ከበሽታ የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎችስ የት ነው ያሉት? አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ይፈጠራሉ፣ በደም ይዘዋወራሉ፣ ቆዳ ውስጥም ይሰፍራሉ። አያችሁልኝ? ለአንጎል የተባለው መድኃኒት በሄደበት ሁሉ ከእነሱ ጋር ይገናኛል። መገናኘታቸው አይቀርም። ሲገናኙ ግን ምን ይሆናል?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ነጭ የደም ሴሎቹ በቁጥር ሊያንሱ ይችላሉ። ጀርምን ለመከላከል የሚያደርጉት ሥራ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ወይም ደግሞ መድኃኒቱን ራሱን እንደ ባዕድ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ሁለቱን ቶሎ እንለፋቸውና ሦስተኛው ላይ እንቀመጥ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ካርባማዘፒን ከሚወስዱ አሥር ሰዎች የአንዱ ገደማ ነጭ የደም ሴል ትንሽ ዝቅ ይላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሰውየው ምንም ሳይሰማው፣ አብዛኛውን ጊዜም መድኃኒቱን ሳያቆም ቁጥሩ ይስተካከላል። መቅኔው ነጭ የደም ሴል መሥራቱን የሚያቆምበት ከባድ ሁኔታም አለ፤ እሱ ግን እጅግ ብርቅ ነው፣ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቶችን ብቻ ያገኛል። ሐኪም ካርባማዘፒን ሲያስጀምር የደም ምርመራ የሚያዘው ለዚህ ነው። በምርመራው ወረቀት ላይ «ደብሊው ቢ ሲ» የሚለው መስመር የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ነው። አሁን ያን ወረቀት ስታዩ ምን እንደሚፈለግበት ታውቃላችሁ ማለት ነው!

ሁለተኛው ሥራቸው ነው። ሰውነታችን ጀርም ላይ የሚጣበቅ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ከዓይነቶቹ አንዱ አይ ጂ ኤ ሲሆን በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአንጀት እርጥብ ገጽ ላይ ይገኛል። ፌኒቶይን በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ይቀንሳል። ደስ የሚለው ግን አብዛኞቹ በዚህ የተነሳ የተለየ ሕመም አይደርስባቸውም፤ መድኃኒቱ ሲቀየርም መጠኑ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ሌቬቲራሴታም የሚባለው አዲስ መድኃኒት ደግሞ በአዋቂዎች ላይ ሲሞከር፣ እሱን ከወሰዱት መቶ ሰዎች 13ቱን ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። ምንም መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱትስ? 8ቱን። ልዩነት አለ፤ ግን ኪኒኑን ባይወስዱም 8ቱን ይይዛቸው እንደነበር አስቡ። ስለዚህ ኪኒን የሚወስድ ሰው የያዘው ጉንፋን ሁሉ ከኪኒኑ የመጣ አይደለም።

እስካሁን የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ለተተከለለት ሰው እንደሚሰጡት፣ ሆን ተብሎ መከላከያን ለማዳከም የተሠሩ አይደሉም። ስለሚወስዳቸው ብቻ አንድ አዋቂ «መከላከያው የተዳከመ» ተብሎ አይመደብም። ክትባትም አይከለከልም። ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩልኝ፤ በከንቱ ፈርቶ ክትባት የሚተው ሰው እንዳይኖር።

እሺ፣ አሁን ወደ ሦስተኛው! እዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

አንድ እንቆቅልሽ ላስቀድም። ቫይረስ ሴል ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ነጭ የደም ሴል ደግሞ እያንዳንዱን ሴል ከፍቶ ውስጡን ማየት አይችልም። ታዲያ ቫይረስ የገባበትን ሴል ከጤነኛው በምን ይለየዋል?

አንድ ሰፈር አስቡ። በየቤቱ በራፍ ላይ ሰፌድ አለ። እያንዳንዱ ቤት በጓዳው ካለው ነገር ሁሉ ከየዓይነቱ ቆንጠር እያደረገ ሰፌዱ ላይ ያሰጣል። የሰፈሩ ዘበኛ በየደጁ ያልፋል። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስር ያያል፤ የለመደው ነውና ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ግን በሰፌዱ ላይ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር ያያል። ያኔ «እዚህ ቤት ባዕድ ገብቷል!» ብሎ ይጮሃል። ጓዳ መግባት አላስፈለገውም፤ ሰፌዱ ሁሉን ነገረው።

ሰውነታችን የሚያደርገው ይህንኑ ነው! ሰፌዱ ኤች ኤል ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። በሴሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ይቆማል፤ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። በሴሉ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ተቆራርጠው ቁራጮቻቸው እዚያ ጎድጓዳ ላይ ይቀመጣሉ። ዘበኛው ደግሞ ቲ-ሴል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን የዚህ ፕሮቲን ዓይነት በ1958 ያገኙት ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ ናቸው። በ1974 ደግሞ ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ካንቤራ በአይጦች ላይ ሲሠሩ አንድ የሚገርም ነገር አሳዩ፦ ዘበኛው የሚያነበው እህሉን ብቻ አይደለም፤ እህሉንና ሰፌዱን አንድ ላይ ነው! በዚህም በ1996 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እህልና ሰፌድ አንድ ላይ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ቁልፉ እዚህ ነው።

ዘበኛው «የለመድኩት» የሚለውንስ ከየት ተማረው? ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል እጢ አለች። ቲ-ሴሎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እዚያ ይፈተናሉ። የራስን ቤት እህል አይቶ የሚጮህ ዘበኛ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይወገዳል። የሚያልፈው የቤቱን ነገር አይቶ ዝም የሚለው ነው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ያ ፈተና ሲሰጥ ካርባማዘፒን ሰውነት ውስጥ ነበር? አልነበረም። ዘበኛው መድኃኒቱን አያውቀውም።

ሰፌዱም ከሰው ሰው ይለያያል። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የሚወረስ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉት ዓይነቶች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ከነዚህ አንዱ ኤች ኤል ኤ-ቢ 15፡02 ይባላል። ካርባማዘፒን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ናት። ይህ ዓይነት ሰፌድ ጋ ስትደርስ ስፌቱ ውስጥ የምትገባበት ክፍተት ታገኛለች። ገብታም ትቀመጣለች።

አሁን ዘበኛው በዚያ በኩል ሲያልፍ ምን ያያል? ሰፌዱ የቤቱ ነው፤ እህሉም የቤቱ ነው። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ መልካቸው ተቀይሯል! ዘበኛው የሚያነበው ሁለቱን አንድ ላይ ነበር አላልንም? ስለዚህ ይጮሃል። ጓዳው ውስጥ ቫይረስ የለም፣ ጀርም የለም፤ ቤቱ ሰላም ነው። ዘበኛው ግን የተማረውን ሥራ በትጋት ይሠራል፤ የገዛ ራሱን ሰፈር ያጠቃል።

እኔ ነገሩ የበራልኝ እዚህ ጋ ነው። «መድኃኒቱ መከላከያን ያዳክማል ወይ?» ብለን ነበር የጠየቅነው። እዚህ ጋ ግን መከላከያው ያለ ልክ ተቀስቅሷል! ሰውየው የታመመው ዘበኞቹ ስለበረቱ ነው። ስለዚህ «የሰውነትህን አቅም ገንባ፣ በደንብ ብላ» የሚለው ምክር እዚህ ቦታ አይሠራም። የሚሠራው ሰፌዱ ላይ የተቀመጠችውን መድኃኒት ቶሎ ማንሳት ነው።

ጥቃቱ ሲከፋ ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረም ይባላል፤ ስለ ሕመሙ በ1922 በጻፉት ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የተሰየመ ነው። ትኩሳት ይመጣል፣ ዓይን ይቀላል፣ አፍና ከንፈር ይቆስላል፣ ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ይላጣል። በ2008 የታይዋን ተመራማሪዎች ቲ-ሴሎቹ በምን ቆዳውን እንደሚጎዱት ደረሱበት፤ ግራኑላይሲን የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፣ እሱም የቆዳ ሴሎችን ይገድላል። ሕመሙ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ከያዛቸው መቶ ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ቆዳው በሰፊው ሲላጥ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሰፌዱ ከታወቀ ታዲያ አስቀድሞ ማየት አይቻልም? ይቻላል! ይህን ታሪክ ስሙልኝ። በ2004 ታይዋን ውስጥ ተመራማሪዎች በካርባማዘፒን ምክንያት ይህ ሕመም የያዛቸውን 44 ሰዎች ደም መረመሩ። ስንቱ ዘንድ ያንን ዓይነት ሰፌድ ያገኙ ይመስላችኋል? 44ቱም ዘንድ! ካርባማዘፒን ወስደው ምንም ካልሆኑት 101 ሰዎች ግን 3ቱ ብቻ ነበራቸው። እነዚህ ሦስቱም ቢሆኑ ትልቅ ነገር ያስተምራሉ፦ ሰፌዱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሕመሙ እንዲነሳ ይህንን መልክ አይቶ የሚጮህ ዘበኛም በሰውነቱ መኖር አለበት።

በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ካርባማዘፒን ከመጀመራቸው በፊት ይህ ምርመራ እንዲደረግላቸው አሳሰበ። ከዚያ በ2011 የታተመው ሥራ መጣ። የታይዋን ሐኪሞች ካርባማዘፒን ሊጀምሩ የነበሩ 4,877 ሰዎችን አስቀድመው መረመሩ። ከመቶው ወደ 8 የሚጠጉት ሰፌዱ ተገኘባቸውና ካርባማዘፒን እንዳይወስዱ ተደረገ። ሌሎቹ ጀመሩ። እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ መካከል 10 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ ሕመም ይያዙ ነበር። ስንት ሰው ተያዘ? አንድም! አንድም ሰው አልተያዘም። አስቡት፤ ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት በአንዲት የደም ምርመራ ብቻ የዳኑ ሰዎች ናቸው።

ይህ የሰፌድ ዓይነት የሚበዛው በቻይናውያን፣ በታይላንዳውያንና በሌሎች የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ነው፤ በአፍሪካና በአውሮፓ ዝርያዎች ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። ግን «እኛን አይመለከተንም» ብለን አንለፍ። በ2011 በአውሮፓውያንና በጃፓናውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ኤች ኤል ኤ-ኤ 31፡01 የሚባል ሌላ ሰፌድ ከካርባማዘፒን ሽፍታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። አንድ ሰፌድ ስላልተገኘብን ዘበኞቻችን አይቀሰቀሱም ማለት አይደለም።

በሌላ መልክ የሚመጣ ቁጣም አለ፤ ሐኪሞች ድሬስ ይሉታል። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይነሳል። ሽፍታና ትኩሳት አለው፣ ፊት ያብጣል፣ ንፍፊት ይወጣል፣ ጉበትም ይታመማል። ጊዜውን ልብ አላችሁ? ሰውየው መድኃኒቱን አንድ ወር ሙሉ በሰላም ወስዶ ሊሆን ይችላል! ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ወር ሙሉ ምንም ያላደረገኝ ኪኒን አሁን እንዴት ይጎዳኛል?» ብሎ የሚዘናጋው። ዘበኛው አንድ ጊዜ አይቶ፣ ተራብቶ፣ ኃይል አሰባስቦ እስኪነሳ ጊዜ ይወስድበታል። ቲ-ሴሎች የሚራቡት ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል፤ እኔ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። ላሞትሪጂን የሚጀምር አዋቂ ሐኪሙ ምን ይለዋል? «ለሁለት ሳምንት በቀን 25 ሚሊግራም፣ ለቀጣዩ ሁለት ሳምንት 50 ሚሊግራም።» ሰውየው «በሽታው እየጣለኝ ለምን ይህን ያህል ይንቀራፈፋል?» ብሎ ይበሳጫል። ሐኪሙ እየተጠነቀቀ ያለው ለዘበኛው ነው! ላሞትሪጂን በከፍተኛ መጠን ሲጀመር ወይም ቶሎ ቶሎ ሲጨመር አደገኛው ሽፍታ እንደሚበዛ ታይቷል። ቀስ ተብሎ ሲጀመር ይቀንሳል። ሰውየው ቫልፕሮይክ አሲድም የሚወስድ ከሆነ አጀማመሩ የበለጠ ይዘገያል፤ 25 ሚሊግራም አንድ ቀን እየተዘለለ ነው የሚሰጠው። ለምን? ቫልፕሮይክ አሲድ ጉበት ላሞትሪጂንን የሚያስወግድበትን ሥራ ስለሚያዘገየው፣ ያቺው 25 ሚሊግራም በደም ውስጥ ትከማቻለች። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው እኮ!

ቀስ ብሎ የመጀመር ጥቅም በሌላ መድኃኒት ላይ ከዚህም ደምቆ ታይቷል። ሴኖባሜት ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ በ2019 ተፈቅዷል። መጀመሪያ ሲሞከር መጠኑ በየሳምንቱ ወይም ከዚያ በፈጠነ ጊዜ ይጨመር ነበር። ሦስት ሰዎች በድሬስ ታመሙ፤ አንዱ ሞተ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ተጥሎ በቀረ ነበር። አዘጋጆቹ ግን ሌላ ነገር ሞከሩ፦ በ12.5 ሚሊግራም ጀምረው በየሁለት ሳምንቱ ብቻ እየጨመሩ ለ1,339 ሰዎች ሰጡ። በድሬስ የታመመ አንድም ሰው አልነበረም! መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተቀየረው አጀማመሩና ፍጥነቱ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሲያብራሩ፣ በጥቂቱ የሚመጣ ነገር ዘበኞቹን ከማስቆጣት ይልቅ እንዲለምዱት ሳያደርጋቸው አይቀርም ይላሉ።

ስለዚህ «ቶሎ እንዲሻለኝ» ብሎ መጠኑን በራስ መጨመር ምን እንደሆነ አሁን ይታያችኋል። ላሞትሪጂን ለብዙ ቀናት አቋርጦ በቀድሞው ሙሉ መጠን መመለስም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ሐኪም ከታች ጀምሮ እንደገና የሚያስጀምረው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ የመድኃኒቶቹ ዝምድና። ካርባማዘፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ላሞትሪጂን ሞለኪውላቸው ውስጥ የቀለበት ቅርጽ ያለው የካርቦን አካል አላቸው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ በአንዱ የተቆጣ ሰውነት በሌላውም ሊቆጣ ይችላል፤ ይህም በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው። በካርባማዘፒን ድሬስ የወጣበትን ሰው «እንግዲያው ፌኖባርቢታል ውሰድ» ማለት አደጋ ነው። ሌቬቲራሴታምና ቫልፕሮይክ አሲድ ያ ቀለበት የላቸውም፤ ስለዚህ ሐኪሞች እንዲህ ላለው ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ እነሱ ያያሉ። ቫልፕሮይክ አሲድ ግን በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ስለሚጎዳና ጉበትንም ሊነካ ስለሚችል የራሱ ጥንቃቄ አለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፌኖባርቢታል በብዛት ስለሚታዘዝ አንድ ነገር ልጨምር። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ሥራ ያፋጥናሉ። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ከእነዚህ ጋር ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የቫይረሱን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ጉበቱ መድኃኒቱን ከተለመደው ፈጥኖ ያስወግደዋል። በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሲያንስ ቫይረሱ ሊያንሰራራ፣ መከላከያውም ሊዳከም ይችላል። ይገርማል፤ የሚጥል በሽታ ኪኒን መከላከያን በእጅ አዙር የሚያዳክምበት መንገድ ይህ ነው! መፍትሔው ደግሞ አለ፤ ከካርባማዘፒን ጋር ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ መወሰዱ ቀርቶ ሁለቴ ይሰጣል፣ ወይም የሚጥል በሽታው መድኃኒት ይቀየራል። ዋናው ሁለቱንም መድኃኒት የሚያዙት ሐኪሞች ስለ ሁለቱም ማወቃቸው ነው። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሯቸው።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ ቤት ይዘን እንግባ። አዲስ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ሰው ካወቃችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አብራችሁ ጠብቁት። ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ አፍ ወይም ዓይን ከቆሰለ፣ ፊት ካበጠ፣ ንፍፊት ከወጣ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የሚውጠውንም ኪኒን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። የጉሮሮ ሕመምና ትኩሳት ከተደጋገመ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ምንም ምልክት ሳይኖር፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ፈርቶ ኪኒኑን በራሱ የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር አደራ! ድንገት ማቆም በላይ በላዩ የሚጥል፣ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እሱም ይገድላል። ማቆምም መቀየርም በሐኪም እጅ ይሁን።

በመጨረሻም በማንኛውም ኪኒን ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ያንን የመድኃኒት ስም በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዘው፤ ቤተሰቡም ይወቀው። በዘበኞቹ መካከል ያን መልክ የሚያስታውሱ አሉና፣ መድኃኒቱ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ ከመጀመሪያው ፈጥነው ይነሳሉ። ወድቆ ራሱን በሳተበት ሰዓት «ይህ አይስማማኝም» ብሎ መናገር አይችልም፤ በኪሱ ያለችው ወረቀት ግን ለድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ትናገርለታለች። ዛሬውኑ ጻፉለት።